ቴሯር ምንድን ነው? አንድ ዝርያ፣ ሁለት ብርጭቆ

ወይን የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ብዙ ሳይቆዩ “አንተ የየት ትወዳለህ?” መባባላቸው አይቀርም። አንዱ ቡርጎኝ ይላል፣ ሌላው ባሮሳ፣ ሌላዋ ሞዜል። ልብ ብላችሁ ከሆነ መልሱ የቦታ ስም ነው። የቢራ ወዳጅ የፋብሪካውን ስም ይጠራል፤ የወይን ወዳጅ ግን ሸለቆና ወንዝ ይጠራል። ከዚህ ልማድ ጀርባ ያለው ሐሳብ ፈረንሳዮች ቴሯር የሚሉት ነው።

ቃሉ የወጣው “ቴር” ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን መሬት ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ቴሯር ሲባል አፈር ብቻ ይመስለዋል። አፈሩ አለበት፤ ግን የተዳፋቱ አቅጣጫም፣ ከፍታውም፣ ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ የሌሊቱ ብርድም፣ ውሃው ቶሎ መስረጉ ወይም መተኛቱም አሉበት። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ለአንድ ማሳ ወይን የሚሰጡት ጠባይ ነው ቴሯር። የሰው እጅ ይቆጠር አይቆጠር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ይቆጠር ከሚሉት ጋር ነኝ። ሐረጉን መቼ መግረዝ፣ ፍሬውን ምን ያህል ለፀሐይ ማጋለጥ እንደሚገባ የሚያውቀው እዚያው መሬት ላይ የኖረው ገበሬ ነውና።

ነገሩ የገባኝ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጠን በቀመስንበት ምሽት ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ሲራ ከሚባለው ዝርያ የተጠመቁ። አንዱ ከፈረንሳይ፣ ከሰሜን ሮን ሸለቆ የመጣ ነው። ሌላው ከአውስትራሊያ፣ ከባሮሳ፤ እዚያ ዝርያውን ሺራዝ ይሉታል። የባሮሳው ጠቆር ብሎ ወፍራም ነው፤ ብርጭቆውን ሲያዞሩት በጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሽታው የበሰለ እንጆሪና ቸኮሌት ነው፤ ሲውጡት አልኮሉ ደረት ያሞቃል። የሮኑ ቀጠን ይላል። አፍንጫ ሲያስጠጉት መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ የወይራ ፍሬ፣ ከዚያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይመጣል።

ለኔ ማለቴ ነው። ወዳጄ ደጋግሞ አሸተተና “የምትለው ቁንዶ በርበሬ የታለ?” አለኝ። ያን ጊዜ ልብ ብሎ ያላሸተተ መሰለኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ያ ሽታ የሚመጣው ሮተንዶን ከሚባል ውህድ ነው። እውነተኛው ቁንዶ በርበሬም የሚሸተው በዚሁ ውህድ ነው። በወይን ውስጥ መኖሩን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በዚያው ጥናት ከቀማሾቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውህዱ በርከት ብሎም ሊሸታቸው አልቻለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ወይን ቀምሰው ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱ ዕውቀት አንሶት ላይሆን ይችላል፤ አፍንጫቸው የሚነግራቸው ነገር የተለያየ ነው። ወዳጄ ባሮሳውን መረጠ፣ እኔ ሮኑን፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ሮተንዶን የሚገኘው በፍሬው ልጣጭ ላይ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ቦታና ፀሐይ ባልበዛበት ዓመት ይበረክታል፤ ሙቀት ሲበዛ ይሳሳል። ቴሯር ሥራውን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የወይን ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። በሞቃት ቦታ ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ ስኳሩ ሲብላላ ወደ አልኮል ስለሚለወጥም ወይኑ ጠንካራና ለስላሳ ይሆናል። ሌሊቱ የሚበርድበት ቦታ ግን ኮምጠጥ ያለውን ጣዕም ይዞ ያቆያል። ባሮሳ ውስጥ 14 ወይም 15 በመቶ አልኮል ያለው ቀይ ወይን ብርቅ አይደለም። በጀርመን የሞዜል ወንዝ ዳር ደግሞ 8 በመቶ ብቻ አልኮል ያለው፣ ጣፈጥም ኮምጠጥም የሚል ሪዝሊንግ የተባለ ነጭ ወይን ታገኛላችሁ።

ስለ ሞዜል ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የወይን አገር የለም። በሰሜን ኬክሮስ 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወይን ለማብሰል ብርዱ ከባድ ነው። ማሳዎቹ ግን ገደል ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱ ተዳፋት ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ወደ ደቡብ የዞረው ገደል ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል። መሬቱ ስሌት በሚባል፣ እንደ ገጽ እየተላጠ በሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለሐረጉ ይመልስለታል። ዝናብ ጠርጎ ያወረደውን ድንጋይ ገበሬዎቹ እየለቀሙ ወደ ላይ ይመልሱት ነበር፤ ምን እንደሚያደርግላቸው ያውቁታላ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ይነሳል። ብዙዎች የሞዜልን ወይን ቀምሰው “የድንጋዩ ጣዕም ይሰማኛል” ይላሉ። ሥር ከመሬት የሚስበው ውሃና በውሃ የሟሟ ንጥረ ነገር ነው፤ የድንጋይ ጣዕም ወደ ፍሬው አይወጣም። ድንጋዩ ወይኑን የሚለውጠው በሙቀቱና ውሃ በማስረጉ ነው። “የረጠበ ድንጋይ ይሸታል” ማለት ግን ነውር የለበትም፤ ምሳሌ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ።

መሬቱ ወይኑን እንዴት እንደሚለውጠው ከሁሉ በላይ ያጠኑት በፈረንሳይ የቡርጎኝ መነኮሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም መነኮሳት ክሎ ደ ቩጆ የተባለውን ማሳ በድንጋይ አጥር ከለሉት። ስፋቱ 50 ሄክታር ያህል ነው፤ ዛሬ 80 ገደማ ባለቤቶች ይጋሩታል። ላይኛው ክፍል ኖራ ድንጋይ ላይ ያረፈ ስስ አፈር ነው፣ ውሃ አይዝም። ታችኛው ከባድ ሸክላ ነው፣ ውሃ ይተኛበታል። የሁለቱ ወይን እኩል አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ስም ግን አንድ ነው። ስም አይቶ ብቻ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል።

ስም እንደሚያሳስት በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ውስጥ ነው። ፈረንሳውያን ቀማሾች ስያሜው ተሸፍኖ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን አወዳደሩ። በቀይም በነጭም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ሆነ። ከቀማሾቹም የትኛው የየት እንደሆነ የተምታታባቸው ነበሩ።

ስለዚህ ምርጫችሁን ለሰው ስትነግሩ ከቦታው ስም ጋር የወደዳችሁለትን ነገር ጨምሩበት። “ሮን እወዳለሁ” ከማለት “ሮንን የምወደው ለቁንዶ በርበሬው ነው” ማለት ይሻላል። ያኔ የሚሰማችሁ ሰው ሌላ በር ይከፍትላችኋል። ለምሳሌ ከባሮሳ ይልቅ የሚቀዘቅዘው የአውስትራሊያው ግራምፒያንስ በዚህ ሽታ የታወቀ ሺራዝ አለው። የኦስትሪያው ነጭ ወይን ግሩነር ቬልትሊነርም ሮተንዶን አለበት። ስትሞክሩት ዝርያውና ዓመቱ አንድ፣ ቦታው የተለያየ ሁለት ጠርሙስ ያዙ፤ ስማቸውን በወረቀት ሸፍኑ፤ ሁለቱንም በእኩል ቅዝቃዜ ቅዱ። የወደዳችሁትን ወረቀቱን ሳታነሱ በፊት ጻፉት።