«ከገባ ይሠራል» እና ሌሎች ስለ ፕሮሰሰር ሶኬት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ የላከለትን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ቺፕ) ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ የእኔም ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ይሄም ኮር አይ ፋይቭ ነው። ይቀይሩልኝ» አለኝ። አባይ በረሃን አቋርጦ የመጣ ዕቃ አልገባም ማለት ያሳዝናል። ግን አልገባም።

«ስሙ አንድ ከሆነ ይገባል።» አይገባም። ኮር አይ ፋይቭ የሚለው የኢንቴል ኩባንያ ስም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መግጠሚያ፣ ግን ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። 1155፣ 1150፣ 1151፣ 1200፣ 1700 የሚሉት ቁጥሮች የመገናኛ ነጥቦቹን (የፒኖቹን) ብዛት ይናገራሉ። የልጁ ማዘርቦርድ (ዋናው የኮምፒውተር ሰሌዳ) ባለ 1150 ነው፤ የተላከለት ፕሮሰሰር 3ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ ባለ 1155። የፕሮሰሰሩ ጎንና ጎን ላይ ያሉት ትናንሽ ቁርጦችም ቦታቸው ስለሚለያይ አይገጥምም።

«ከገባ ይሠራል።» ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ባለ 1151 ናቸው። 8ኛና 9ኛውም እንደዚያው። ሶኬቱ በመልክ አንድ ነው፤ የአንዳንዶቹ ፒኖች ሥራ ግን ተቀይሯል። ስለዚህ 8ኛ ጀነሬሽን በ6ኛው ቦርድ ላይ አይነሳም። ኤኤም4 በሚባለው የኤኤምዲ ኩባንያ ሶኬት ደግሞ ፕሮሰሰሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) ስላልታደሰ ብቻ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ።

«ፒኖቹ ሁሉ መረጃ ያመላልሳሉ።» እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡና የሚመልሱ ናቸው። 65 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በ1.2 ቮልት ገደማ ሲሠራ ከ50 አምፔር በላይ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ እንኳ በ220 ቮልት የሚስበው 15 አምፔር አካባቢ ነው! ያንን ሁሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ ፒን አይችለውም፤ ስለዚህ ለመቶዎች ይከፋፈላል።

«ካልገባ ጫን ማድረግ ነው።» በፍጹም! ፕሮሰሰር በራሱ ክብደት ነው የሚቀመጠው። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር ያገናኙ፣ ያስቀምጡ፣ ከዚያ መቆለፊያውን ያውርዱ። ፒኖቹ ቦርዱ ላይ ባሉባቸው ሶኬቶች መቆለፊያው ሲወርድ ጠንከር ይላል፤ አያስደንግጣችሁ። ኤኤም4 ላይ ግን 1331ዱ ፒኖች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ፣ አንዷ ከጎበጠች አይገባም። ተከታዩ ሶኬት ኤኤም5 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲመጣ ፒኖቹን ወደ ቦርዱ አዛውሯቸዋል።

«ላፕቶፕም ይቀየራል።» የአሁኖቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ሶኬት የለውም።

ልጁ እዚያው ቆሞ ለዘመዱ ደወለ። ኮር አይ ፋይቭ አላለም። «4ኛ ጀነሬሽን፣ ባለ 1150» አለ፤ የማዘርቦርዱን ሞዴልም አንድ በአንድ ፊደሉን አነበበለት።