ጎበዝ ፕሮግራመር ማን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ በሚገኝ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ ከሚቀጠሩ ልጆች አንዳንድ አባባሎችን ደጋግሜ እሰማለሁ። ጎበዞቹን ሳይቀር ወደኋላ ስለሚጎትቱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ብዙ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያውቅ ይበልጣል»

ቋንቋ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አያሠራም። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር የወለድ ማስያ ስንሠራ፣ ከሁላችንም ፈጣኑ ልጅ በሁለት ቀን ጨረሰው። ኮዱ ንጹህ ነው። ውጤቱ ግን ከማህበሩ መዝገብ ጋር አልገጥም አለ። ችግሩ ጳጉሜ ላይ ነበር። 5 ቀን፣ በ4 ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ቀን መሆኗን ማን ያጣዋል? ልጁ ያላወቀው ማህበሩ እንዴት እንደሚይዛት ነው። ሦስት ቀን ኮዱን ሲበረብር ቆየ። በመጨረሻ የማህበሩን የሒሳብ ሠራተኛ ጠየቅናት። «እኛ እኮ ከነሐሴ ጋር ነው የምንደምራት» አለች። አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የሶፍትዌር ተመራማሪው ቢል ከርቲስና ባልደረቦቹ 17 ትልልቅ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶችን አጥንተው ነበር። ካገኟቸው ዋና ችግሮች አንዱ፣ ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ዘርፍ በደንብ የሚያውቅ ሰው ማነሱ ነው። እኔ ቀጣሪ ብሆን «ስንት ቋንቋ ትችላለህ?» ከማለት «ያልገባህን ማንን ትጠይቃለህ?» እላለሁ።

«ሁሉም ነገር ኮዱ ላይ አለ»

የለም። ኮድ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ለምን እንዲህ እንደተሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፎታል፤ የሠሩት ሰዎች ሲበተኑ ግንዛቤውም አብሯቸው ይሄዳል።

«ሥራው ከዘገየ ሰው መጨመር ነው»

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳለው የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር የባሰ ይዘገያል። አዲሱን የሚያስተምረው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነዋ! መነጋገሩም ይበዛል። 5 ሰዎች መካከል 10 የሁለትዮሽ ግንኙነት አለ፤ 10 ሲሆኑ 45 ይደርሳል።

«እውቀቴን ካካፈልኩ ተፈላጊነቴ ይቀንሳል»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ሥራችንን ሰርቨር (ደንበኞች ፕሮግራሙን የሚያገኙበት ኮምፒውተር) ላይ መጫን እኔ ብቻ የማውቅበት ጊዜ ነበር። በፊቼ ጫምባላላ ቀን ቤተሰቤ መሀል ተቀምጬ ስልኬ ሲጮህ ዋለ። በማግስቱ አንዷን ባልደረባዬን አጠገቤ አስቀምጬ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ጀመርኩ። «ይሄ ለምንድነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ሁለት ደረጃዎች ጋ ስደርስ መልስ አጣሁ። ለካ ጥቅማቸው ካበቃ ቆይቷል፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ስሠራቸው ኖሬአለሁ። ያን ዕለት አብረን አወጣናቸው።