«አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል»፦ ለመሆኑ አህያ የሌለው ማን ነው?

ሰሞኑን ይህ ተረት ያለቦታው ሲወረወር ሰማሁና ቆረቆረኝ።

ሁለት ወዳጆቼ ጎን ለጎን ሳይክል ይነዳሉ። አንደኛው የያዘው ቱሪንግ የሚሉትን የረጅም መንገድ ሳይክል ነው። በሕይወቱ የገዛው የመጀመሪያ ሳይክል ነው። «ይከብዳል፣ አይፈጥንም» እያለ መንገዱን ሙሉ ያማርራል። የሌላው ርካሽ ነው፤ ዳገት ላይ ማርሹ ይዘላል። ባለ ርካሹ «ኧረ አንተስ ምን ጎደለህ?» ቢለው፣ ባለ ቱሪንጉ «ዝም በል ባክህ፤ አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» አለው። የድሃ አፍ መዝጊያ አደረገው እኮ!

ልጆች ሳለን አህያችን ጭነቷን ገበያ አራግፋ ስትመለስ እንወጣባት ነበር። ኮርቻ የለ፣ ልጓም የለ። የጀርባ አጥንቷ ይቆርጣል። ወደ ኋላ እየተንሸራተትን ታፋዋ ላይ እንቀመጣለን። ሣር ባየች ቁጥር ትቆማለች። ወንዝ ዳር ስትደርስማ በቃ፣ አራት እግሯን ተክላ ትቀራለች። ቤት ስንገባ እግራችን አይገጥምም።

አንድ ቀን አያቴ በቅሏቸው ላይ አፈናጠጡኝ። ግላሱ ተነጥፎ፣ ኮርቻው ተጭኖ፣ እርካቡ ተስተካክሎ። ሰጋር በቅሎ ነበረች። ሰጋር አታንገጫግጭም፤ አራቱን እግሮቿን በየተራ ነው የምታሳርፈው። አያቴ ትከሻቸው ሳይነቃነቅ ዳገቱ አለቀ። የበቅሎዋን ዋጋ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። መቀመጫዬ ያውቀው ነበር፤ ያስተማረችው አህያዋ ናት።

ሳይክሉም ያው ነው። በርካሹ ላይ ሻንጣ አስረህ ስትነዳ ተረከዝህ ሻንጣውን ይመታል። የፊቱ ሞላ ፔዳል በረገጥህ ቁጥር ይሰምጣል፣ ጉልበትህንም ይበላል። ቁልቁለት ላይ ጭራው ይወዛወዛል። ደህና ቱሪንግ ግን የኋላ ጎማው ራቅ ብሎ ስለተሠራ ተረከዝ ሻንጣ አይነካም። ብዙዎቹ ጎማቸውን የሚይዙት 36 ሽቦዎች ናቸው። ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አለው። 20 ኪሎ ጭነህበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ክብደቱም እኮ በከንቱ አይደለም፤ ጭነት እንዲችል ነው። ይህን ሁሉ ግን ሌላ ነድቶ የማያውቅ ሰው ከየት ያየዋል?

የተረቱን ምንጭ በተመለከተ የራሴ ግምት አለኝ። ብዙ ሰው የመኳንንት ንግግር ይመስለዋል። እኔ የሲራራ ነጋዴ አባባል ነው እላለሁ። በአህያ ጀምሮ፣ ከኋላዋ ሲሮጥ ጫማው አልቆ፣ ቆይቶ በቅሎ ላይ የወጣ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። መኳንንቱማ በበቅሎ ላይ አደጉ፤ የአህያን ነገር በምን አውቀው ያነሱታል? ደግሞም በቅሎ ያለ አህያ አትወለድም። አባትሽ ማን ነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ ብትሸሽም አባቷ አህያ ነው። እንግዲህ አህያ የሌለው በቅሎን ከየት ያመጣታል? ሳቁብኝ ግዴለም፣ ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ «የሌለው» ሲባል ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። ያልተንገጫገጨም አለበት። ባለ ርካሹ ወዳጄ አህያ አለው፣ ለዚያውም ግትር አህያ። በቅሎ የናቀው ማን ሆነና ነው እሱ የሚሰደበው? ተረት ስንወረውር ማን ላይ እንደሚያርፍ ብናይ ምን አለ?

ማምሻውን ሳይክል ተቀያየሩ። ባለ ቱሪንጉ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እየገፋ መጣ፤ ካቴናው ወልቆበት እጁ በግራሶ ጠቁሯል። «ይሄን ነገር በየቀኑ ነው የምትነዳው?» አለ። ተረቱን ልመልስለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። አሁንማ አህያ ጋልቧል።