የዓለም አቀፍ መያዶች ተጠያቂነትና ግልጽነት

ዓለም አቀፍ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት (በተለምዶ መያድ ወይም ኤንጂኦ) በምርጫ የሚያወርደው ሕዝብ የለውም፤ ትርፍ አነሰ ብሎ የሚቆጣ ባለአክሲዮንም የለውም። ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፣ እርዳታውን የሚቀበለው ሌላ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሌላ አህጉር የሚኖር። ለንደን ሆኖ በየወሩ ጥቂት ፓውንድ የሚያዋጣው ሰው ገንዘቡ ምን እንደሠራ በዓይኑ አያይም። ዋግ ኽምራ ውስጥ ስንዴ የሚሰፈርለት አባወራ ደግሞ በስሙ ስንት ኪሎ እንደወጣ የሚያጣራበት መንገድ ጠባብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድርጅት ለአንዱም ለሌላውም የፈለገውን ሊናገር ይችላል።

በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ተጠያቂነት «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» ተብሎ ይከፈላል። ወደ ላይ ያለው ለለጋሹና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መልስ ነው፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የውጭ ኦዲት፣ የግምገማ ሰነድ። ወደ ታች ያለው ለተረጂው የሚሰጠው ነው። ላይኛው ካልተሟላ ገንዘብ ይቆማል። የታችኛው ባይሟላ የሚቆም ነገር የለም፤ ተረጂው «እናንተ ካልተስተካከላችሁ ሌላ ድርጅት እመርጣለሁ» ሊል አይችልምና።

ከጎማ እስከ መተዳደሪያ ደንቦቹ

የዘርፉ ሰዎች ራሳቸውን በደንብ ለማሰር የተነሡት ውርደት ከደረሰባቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሩዋንዳው የዘር ፍጅት በኋላ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎማ (ያኔ ዛየር፣ ዛሬ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) እና አካባቢዋ ጎረፈ። መያዶችም ባንዲራቸውን እየሰቀሉ ተከተሉት። በኮሌራ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በካምፖቹ ውስጥ ምግብ አከፋፋዮች ሆነው ከተገኙት መካከል ፍጅቱን የመሩ ሰዎች ነበሩ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በዚሁ ምክንያት በኅዳር ወር ጥሎ ወጣ። በ1996 የወጣው የብዙ አገሮች የጋራ ግምገማ የእርዳታ ድርጅቶችን ሥራ ሳያለባብስ ነቀፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰነድ በሰነድ ላይ ተደራረበ። የቀይ መስቀልና የመያዶች የሥነ ምግባር ደንብ በዚያው በ1994 ወጥቶ ነበር፤ ዘጠነኛው አንቀጽ ለምንረዳቸውም ለሚሰጡንም ተጠያቂ ነን ይላል። ስፊር የተባለው የሰብአዊ እርዳታ ዝቅተኛ መስፈርቶች ጅምር በ1997 ተከተለ። በ2006 ኦክስፋም፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ግሪንፒስ፣ ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናልና ሌሎች፣ በድምሩ 11 ድርጅቶች፣ ለንደን ላይ የተጠያቂነት ቻርተር ፈረሙ። በ2014 ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ያሉት ዋናው የሰብአዊ እርዳታ መስፈርት ጸደቀ፤ አንዱ ቃል ኪዳን ቅሬታ በደስታ ይስተናገዳል የሚል ነው። እነዚህ ሁሉ በፈቃደኝነት የሚፈረሙ ናቸው። የጣሰውን ድርጅት ፍርድ ቤት የሚያቆም የለም፤ ቢበዛ ከአባልነት ይሰረዛል።

የሄይቲ ትምህርት

ጉዳዩን በደንብ ለማየት ሄይቲን የመሰለ የለም። በጥር 2010 የሄይቲን ዋና ከተማ ፖርቶፕራንስን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የዓለምን ኪስ አስከፈተ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ብቻ 488 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። (በጥብቅ ከታየ ቀይ መስቀል እንደሌሎቹ መያድ አይደለም፤ በሕግ የተቋቋመ ብሔራዊ ማኅበር ነው። ለጋሹ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፣ ግድም የለውም።) ድርጅቱ ከ130 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች መጠለያ እንደሰጠ ይናገር ነበር። በ2015 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋምና የአሜሪካ ሕዝብ ሬዲዮ ባደረጉት ምርመራ የተሠሩት ቋሚ ቤቶች 6 ሆነው ተገኙ። 130 ሺው ከየት መጣ ሲባል፣ ጊዜያዊ የኪራይ ድጎማ ያገኘውም፣ ስለ ቤት አሠራር ሥልጠና የወሰደውም ተደምሮ ነው። ቁጥሩ ፈጠራ አልነበረም። ሪፖርት አንብቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል፦ «ተጠቃሚ» የሚለው ዓምድ ውስጥ በአዳራሽ ተቀምጦ ሻይ የጠጣም ይገባል። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው ሴናተር ቻክ ግራስሊ ሪፖርት ከገንዘቡ አንድ አራተኛ ገደማው ለድርጅቱ የውስጥ ወጪ እንደዋለ ገለጸ፤ ድርጅቱ ግን ከእያንዳንዱ ዶላር 91 ሳንቲሙ ለሄይቲ ሥራ ይውላል ሲል ኖሯል።

ሁለተኛው የሄይቲ ጉዳይ ገንዘብ አልነበረም። የኦክስፋም የእንግሊዝ ክፍል አንዳንድ ሠራተኞች በድርጅቱ ቤት ሳይቀር ሴተኛ አዳሪዎችን ያመጡ እንደነበር በ2011 በውስጥ ምርመራ ተደረሰበት። አራቱ ተባረሩ፤ ሦስቱ፣ የሄይቲ ቢሮው ኃላፊ ጭምር፣ በፈቃዳቸው እንዲለቁ ተደረገ። ድርጅቱ ያኔ በአደባባይ የተናገረው «የሥነ ምግባር ጉድለት» ስለመኖሩ ነበር፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ አላብራራም። ኃላፊው ብዙም ሳይቆይ በሌላ መያድ ተቀጥሮ ባንግላዴሽ ሥራ ጀመረ። ታይምስ ጋዜጣ ነገሩን በየካቲት 2018 ሲያወጣው በአሥር ቀን ውስጥ 7 ሺህ ያህል የዘወትር ለጋሾች መዋጮአቸውን አቋረጡ፤ ምክትል ሥራ አስፈጻሚዋ ለቀቁ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ አመራሩን ጠርቶ አፋጠጠ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ድርጅቱ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልገለጸም ሲል ወቀሰ። የሄይቲ መንግሥት የኦክስፋምን የእንግሊዝ ክፍል የሥራ ፈቃድ የሰረዘው በሰኔ 2018 ነው። ተበድለናል ማለት የሚችሉት ሴቶች ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

ከዚህ ጣጣ የተወለደው ጠቃሚ ነገር በ2019 የተጀመረው የሥነ ምግባር መረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። አባል ድርጅቶች አዲስ ሰው ከመቅጠራቸው በፊት የቀድሞ አሠሪውን ስለ ወሲባዊ ጥፋት በቀጥታ ይጠይቃሉ፣ ሲጠየቁም ይመልሳሉ። ተራ አሠራር ይመስላል። እስከዚያ ድረስ ግን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከአገር አገር መዞር ቀላል ነበር።

በግልጽነት በኩል የሚነገር መልካም ምሳሌም አለ። ከ2004ቱ የእስያ ሱናሚ በኋላ በቀናት ውስጥ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሱናሚው የሚበቃንን አግኝተናል፣ ትርፉን ለሌላ ቀውስ እናውለው ወይ ብለው ለጋሾቻቸውን ጠየቁ። አብዛኛው ፈቀደ። ሌሎች ድርጅቶች ግን ተቆጡ፤ የሕዝቡን የመስጠት ስሜት ታቀዘቅዛላችሁ አሏቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ

በኢትዮጵያ የመያዶች ተጠያቂነት ከመንግሥት ቁጥጥር ጋር ተጋብቶ ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጡም ደነገገ። «70/30» የዘርፉ ሰው ሁሉ የዕለት ወሬ ሆነ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ሥልጠናንና ትራንስፖርትን ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ ስለቆጠረ፣ ሥራቸው በባሕርዩ ሥልጠና የሆነ ድርጅቶች በሕጋዊ ሥራቸው ጥፋተኛ ሆኑ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘው ወጪ ከስሌቱ እንዲወጣ አደረገ። ጣሪያ ግን መለኪያ አይሆንም። ዝቅተኛ የአስተዳደር ወጪ ያለው ድርጅት ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛና መርማሪ ሳይቀጥር የቀረ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ለጋሾች በዚህ ቁጥር መማረካቸው ለሌባ የተመቸ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሰኔ 2023 የሆነው ከሁሉም የከፋ ነው። የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤይድ) የምግብ እርዳታ በተቀናጀ መንገድ ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ብሎ በመላ አገሪቱ አቅርቦቱን አቆመ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም ተከተለ። በካቶሊክ የእርዳታ አገልግሎት የሚመራው የመያዶች ጥምረት የሚያከፋፍለው እህልም ቆመ። እርዳታ ጠባቂው ሕዝብ 20 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጠቅላላ እርዳታው የቀጠለው በዓመቱ ማብቂያ ሲሆን፣ ተረጂን በችግሩ መጠን የመለየቱ ሥልጣን በድርጅቶቹ እጅ እንዲጠናከር ተደርጎ ነው። በእነዚያ ወራት በትግራይ ሰዎች በረሃብ እንደሞቱ የክልሉ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። ለጋሹ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ማስመለስ ግዴታው ነው። ነገር ግን እህሉን የወሰደውና እህል የተከለከለው ሰው አንድ አልነበሩም።

ወደ ታች ያለው ተጠያቂነት በቀበሌ ደረጃ ምን እንደሚመስል በሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በየጊዜው ምግብ ወይም ገንዘብ በሚሰጠው ፕሮግራም፣ ይታያል። በአንዳንድ ወረዳዎች መያዶች ሲያከናውኑት የኖሩት ይህ ፕሮግራም የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍና ከመራጩ ኮሚቴ የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል። የአንድ ሰው የወር ራሽን በተለመደው አሠራር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ይህን የሚያውቅ ተረጂ 12 ኪሎ ሲሰፈርለት ሊጠይቅ ይችላል። የሚጠይቀው ግን ጎረቤቱን ነው፤ ቅሬታ ሰሚውም መራጩም የአንድ ቀዬ ሰዎች ናቸው፤ ለሚቀጥለው ዙር ዝርዝሩን የሚያዘጋጁትም እነርሱው። ስለዚህ ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። በሪፖርቱ ውስጥ «የቀረበ ቅሬታ» የሚለው ዓምድ ዜሮ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ለጋሹ ይላካል። ገምጋሚ ቡድን ሲመጣ፣ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ዜሮውን እንደ ስኬት አይቀበለውም፤ የአስተያየት ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቃል፤ ሴቶቹን ለብቻ፣ የፕሮጀክቱ ሠራተኞች በሌሉበት ያነጋግራል።