በቤት የሚሠራ አውሮፕላንን የፋይበርግላስ ክፍል ማጠናከር

አሜሪካ ውስጥ በየጋራዡ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሠሪው ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ በራሱ እጅ መሥራት አለበት። ከእነዚህ አውሮፕላኖች ፋይበርግላስ የማይገባበት ጥቂት ነው።

የሚገባበት መንገድ ግን ይለያያል። አሜሪካዊው የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ በርት ሩታን በነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው ሎንግ ኢዚ በተባለ አውሮፕላን ላይ ክንፉ ራሱ ፋይበርግላስ ነው። ፎም በጋለ ሽቦ ይቆረጣል፤ ከዚያ የመስታወት ክር ጨርቅና ኢፖክሲ የተባለ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ የሚቀባና ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ይለብሳል። ከ10 ሺህ በላይ በተሠሩት የቫንስ አርቪ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ አካሉ የአሉሚኒየም ላሜራ ሆኖ የሞተሩ ኮፈን፣ የጎማ መሸፈኛውና የክንፉ ጫፍ ፋይበርግላስ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጎማ መሸፈኛ ላይ ሠሪው የመሰለውን ቢጨምር ብዙ አይጎዳም። ክንፍ ላይ ግን ከንድፉ ውጪ አንድ ሽፋን እንኳ በግምት አይጨመርም።

ፋይበርግላስ የመስታወት ክር ጨርቅና ሬዚን ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ጨርቁ ነው። ሬዚኑ ክሮቹን አንድ ላይ ይይዛል እንጂ ብቻውን ቶሎ ይሰነጠቃል። ብዙ ጀማሪ የሳሳ ቦታ ሲያይ ሬዚን ይደፋበታል። እንዲህ ሲደረግ ክብደት ይጨምራል እንጂ ጥንካሬ አይመጣም።

ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ዙሪያና ከጠርዝ ነው። ሞተሩ ክፍሉን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጎማው ጠጠር ይወረውርበታል። ጥገናው ከውስጥ በኩል ይሠራል። መጀመሪያ ቀለሙና ቅባቱ ይነሳል። ከዚያ ቦታው አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ይህን ያልታገሠ ሰው የለጠፈው ጨርቅ አንድ ቀን እንደ ልጣጭ ይነሳል። የቀድሞው ሽፋን ኢፖክሲ ከሆነ ከመፈተጉ በፊት በውሃ መታጠብ አለበት፤ ሲደርቅ ፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊያወጣ ይችላልና።

ኢፖክሲውና ማድረቂያው በሚዛን ይለካሉ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማድረቂያ መጨመር ሥራውን ያበላሻል። ብዙ ቀላቅሎ በኩባያ ማቆየትም አደጋ ነው፤ ኩባያው እየጋለ ሄዶ ሊጨስ ይችላል። ጓንት ሳያደርጉ መንካት ደግሞ ለዓመታት የማይለቅ የቆዳ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል።

ነጩ ጨርቅ ኢፖክሲ ሲጠጣ ከዓይን ይጠፋል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል። ነጭ ነጥብ ከቀረ አየር አለ ማለት ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ ወደ ጠርዝ እየተገፋ ይወጣል፤ ትርፍ ሬዚኑም አብሮ ይሄዳል። የጨርቁ ክሮች አንዱ ሽፋን ላይ በቁመት፣ ሌላው ላይ በ45 ዲግሪ ቢሆኑ መጠምዘዝን ይቋቋማሉ። ሽፋኖቹ ደግሞ በመጠን ይበላለጣሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ካበቁ ቀጣዩ ስንጥቅ የሚወጣው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

ኮፈኑ የሚርገበገብ ከሆነ ጨርቅ መደራረብ አያዋጣም። ቀጭን ፎም ለጥፎ በላዩ ጨርቅ ማልበስ ይሻላል። የአንድ ሳህን ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፎሙ ይህን ውፍረት ያለ ብዙ ክብደት ይሰጣል። እዚህ ላይ ፖሊስተር ሬዚን የያዘ ሰው ይጠንቀቅ፤ ፖሊስታይሪን ፎምን ያቀልጠዋል። የሙፍለሩ (የጭስ ማውጫው) ቧንቧ አጠገብ ደግሞ ሙቀት ኢፖክሲውን ስለሚያለሰልስ በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ መከላከያ ይደረግለታል። ሎንግ ኢዚዎች በአብዛኛው ነጭ የሚቀቡትም ፀሐይ እንዳታለሰልሳቸው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የመቆጣጠሪያ ክንፎች (አውሮፕላኑን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች) ጫፍ ነው። ከማጠፊያው በስተኋላ ትንሽ ክብደት ቢጨመር ሚዛኑ ይዛባል፤ በፍጥነት ሲበር ክፍሉ መርገብገብ ሊጀምርና በሰከንዶች ውስጥ ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ጨርቅ ወይም ቀለም የጨመረ ሰው ክፍሉን ነቅሎ ሚዛኑን እንደገና ያስተካክላል። ኮፈኑ ላይ የጨመረም አውሮፕላኑን መልሶ ይመዝናል፤ ሞተሩ ከፊት ከሆነ አፍንጫው ከብዶ የክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት ይሄዳልና።