አሮጌ ጠርሙስና አቼቶ፦ ጎንደር ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ፣ በተለይ ፒያሳ አካባቢ፣ መሠረት ሲቆፈር አሮጌ ጠርሙስ ይወጣል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. እዚህ ስለነበር አግኚው ሁሉ «የጣሊያን ነው» ይላል። አጥቦ አጥቦ ሲሰለቸው፣ አሮጌ ጠርሙስ በማሽን ወደማጠራው ወደ እኔ ያመጣዋል። «ትንሽ ቆሽሿል፣ ለነገ ይደርስልኛል?»

አይደርስም። ቆሻሻም አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ የሚታየው ያ ነጭ ጭጋግ የመጣው ከራሱ ከብርጭቆው ነው። ብርጭቆ የሚሠራው ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ነው። ለዓመታት ሲቀበር እርጥበቱ ሶዳውን ከገጹ ላይ እየሳበ ያወጣዋል። የቀረው ገጽ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ ቀለም ያወጣል። በሳሙና መፈግፈግ ትርፉ ድካም ነው። ካላመናችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ስስ ጭጋግ ከሆነ ድራሹ ይጠፋል። ሲደርቅ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሻጮች ውስጡን ዘይት ቀብተው ይሸጣሉ። ስትገዙ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገብታችሁ ዳብሱ።

ማሽኑም አያጥብም፤ ይሞርዳል። ጠርሙሱ በርሜል ውስጥ እንዳይነቃነቅ ይታሰራል። ከውስጥም ከውጭም የተቆራረጠ የመዳብ ሽቦ፣ ውሃና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ይገባል። ከዚያ በዝግታ ለቀናት ይሽከረከራል። ዱቄቱ የተጎዳውን ገጽ በስሱ ይልጠዋል። ቸኩላችሁ ፍጥነት ብትጨምሩ መዳቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል እንጂ ሥራ አይሠራም።

«መዳብ ብረት ነው፣ ይቧጭራል፤ ጠጠር ይሻላል።» ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል! በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ መዳብ 3 አካባቢ ነው። ብርጭቆ 5 ተኩል አካባቢ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚቧጭር ፍረዱ። አንድ ወዳጄ የጣሊያንኛ ጽሑፍ ያለበትን አረንጓዴ ጠርሙስ በጠጠር ሲንጠው ከርሞ አመጣልኝ። ታቹ ዙሪያውን ተጭሯል፤ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅም አብጅቷል። መዳብ የትም አለ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ለምኑ።

አቼቶስ? ውሃ ጥሎት የሄደውን ኖራ ያስለቅቃል፣ ጭጋጉን አይነካውም። የፈላ ውሃ? ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ አታፍሱ፣ ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይበላሻል? አይበላሽም፤ ሲመጣ ይቀጥላል። ባይሆንማ ጎንደር ላይ አንድም ጠርሙስ ባልጨረስኩ።

«አሮጌ የተባለ ሁሉ ማሽን ይግባ» የሚሉም አሉ። የተላጠ አይመለስም። ጎልቶ የወጣ ፊደል ጠርዙ ይሟሽሻል። ብርቅ ዕቃ ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ። የተሰነጠቀውን ደግሞ ከናካቴው አልቀበልም። መዳብ ተሸክሞ ሲዞር ይፈርሳል፤ ያኔ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።