በከተማው ዳር የሚሠሩ ዕቃዎች፦ ከምን ይሠራሉ፣ በምን ይያያዛሉ?

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከአያት እስከ ቡራዩ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር የብረት በር፣ የከሰል ምድጃ፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ ትንንሽ ወርክሾፖች ሞልተዋል። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። የዕቃውን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ግን ማያያዣው ነው፤ ምስማሩ፣ ብሎኑ፣ ሪቬቱ፣ ብየዳው፣ ኮላው።

የብረት በርና መስኮት ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ብረት)፣ ከኤልቲዜድ (በኤል፣ በቲና በዜድ ቅርጽ የተሠራ ብረት) እና ከላሜራ (ስስ የብረት ዝርግ) ይሠራል። የሚያያዘው በኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። ብየዳ ፈጣን ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ግን አንዴ ከተበየደ ያለ ግራይንደር አይፈታም። ስለዚህ ማጠፊያውና ቁልፉ፣ ማለትም ቶሎ የሚያረጁት ክፍሎች፣ በብሎን ቢታሰሩ ይሻላል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይተናል፣ ብረቱ የሚቀልጠው ግን 1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብየዳው ያረፈበት ቦታ መከላከያውን ያጣል፤ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ካልተቀባ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጭሱን የሳበ ሠራተኛም ማታ ብርድ ብርድ ሊለውና ሊያተኩሰው ይችላል።

የከሰል ምድጃ ላይ ብየዳ ብዙም አያስፈልግም። ላሜራው ጠርዝ ለጠርዝ ታጥፎ ይቀጠቀጣል፣ ወይም በሪቬት ይመታል። በካውያ ማጣበቅ አይታሰብም፤ የቆርቆሮና የእርሳሱ ቅልቅል ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ የከሰል ፍም ደግሞ በቀላሉ ከ600 ይበልጣል። ላቀች የሚባለው ምድጃ ውስጡ ሸክላ ስላለው ላሜራው ከፍሙ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፣ ቶሎም አይበላም።

በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚያስገርመው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ከሥሩ ጠመዝማዛ ቦይ ይወጣለታል። ሬዚስታንሱ (የሚግለው የሽቦ ጥቅል) እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ በጄሶ ወይም በመሰል ነገር ይደፈናል። ከዚያ ሁሉም በላሜራ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። ሸክላ ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት ያነሰ ነው። በብሎን አጥብቆ የሚያስረው ሰው ቢኖር ጥቂት ጊዜ ሳይጋገርበት ይሰነጠቃል። ጎበዝ ሠሪ ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል፤ ምጣዱ በእጅ ሲነካ ትንሽ ነቅነቅ ቢል አይደንግጡ።

መጥበቅ ያለበት ሌላ ቦታ ነው፦ ሬዚስታንሱ ከኤሌክትሪክ ገመዱ ጋር የሚገናኝበት ብሎን። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብሎኑ በየጋገራው ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀስ በቀስ ይላላል። የላላ መገናኛ ደግሞ ራሱ ይግላል፣ ገመዱን ያጠቁራል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ብዙ ጊዜ «ምጣዱ ተቃጠለ» ሲባል የተቃጠለው ይኸው መገናኛ ብቻ ነው። ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ቀለበት) እና ሁለተኛ ዳዶ (በብሎኑ ላይ የሚጠመዘዝ ማጥበቂያ) ቢጨመርበት ብዙ ይቆያል፤ ወጪውም ኢምንት ነው።

ኮንዶሚኒየም በበዛባቸው እንደ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ሰፈሮች የካቢኔት ሥራ ደርቷል። ዕቃው ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ነው። ቺፑድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ብሎን አንዴ ከተፈታበት ሁለተኛ እንደ መጀመሪያው አይዝም። ጠርዙ ላይ የገባ ብሎን ደግሞ ከሁሉም ደካማ ነው። ከሲንኩ የሚንጠባጠብ ውሃ ከደረሰበት ያብጣል፣ ማጠፊያውን ይለቃል። እዚህ ላይ ብሎኑን መውቀስ አይገባም።

የጭቃ ቤት ከባህር ዛፍ አጣናና ማገር ይቆማል። ማገሩ ድሮ በልጥ ይታሰር ነበር፣ አሁን በምስማርና በሽቦ ነው። እርጥብ አጣና ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የምስማሩን ጫፍ በመዶሻ ደንዘዝ ማድረግ የቆየ ብልሃት ነው፤ ይሠራልም። የቆርቆሮ ምስማር ባለ ሰፊ ቆብ ነው፣ ከሥሩም ጎማ አለው። የሚመታውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አይደለም። ይህ ከተዘነጋ የሐምሌ ዝናብ ወዲያው ያሳብቃል።

ስለ ብሎን ትንሽ እንጨምር። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን ከመበጠሱ በፊት በካሬ ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ያህል ጭነት ይችላል። ምንም ያልተጻፈበት ግን ለወንበር ይበቃ ይሆናል፣ ለጋሪ ግን አላምነውም። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተለመደው ብሎን በ13 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል፤ ጥርሶቹም በ1.25 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ከአሮጌ ማሽን የተፈታ የኢንች ብሎን ከዚህ ጋር አይገጥምም። ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይቆማል። በግድ ሲገፋ ጥርሱ ይበላል።

ፕላስቲክ ብሎንም ምስማርም እምብዛም አይወድም። ጀሪካን ሥሩ ላይ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚናገር 2 ቁጥር፣ ብዙ ባልዲዎች ደግሞ 5 ቁጥር አላቸው። ሁለቱም ኮላ አይቀበሉም። የተቀደደ ጀሪካን በጋለ ብረት ቀልጦ የሚደፈነው ለዚህ ነው፤ መለጠፊያው ግን ያው ባለ 2 ቁጥር ፕላስቲክ መሆን አለበት። የባልዲ ቁራጭ ከተለጠፈበት ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ውሃ ሲሞላ ግን ይላቀቃል።